ዘይት ሽቶ የተቀባሁ ዕለት

ሃያ አራት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ሽቶ ማለት ለእኔ ቢቸና ያለው ፀጉር አስተካካይ ሥራውን ሲጨርስ በመዳፉ ሞልቶ አንገቴን መታ መታ የሚያደርግበት ኮሎኝ ነበር። ምላጭ የነካውን ሁሉ ያቃጥላል፤ ዓይን ያስነባል፤ ገበያውን አቋርጬ ቤት እስክደርስ ደግሞ ብን ብሎ ይጠፋል። አባቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ፤ የኮሎኝ ሽታ ስለማይወዱ መጥፋቱ ይበጀኝ ነበር። እናቴና እህቶቼ ፀጉራቸውን የሚቀቡት ቅቤ አደስ ይገባበታል፤ እሱን ግን ሽቶ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። ቅቤ ነው። ዕውቀቴ ይኸው ነበር። አለማወቄን አስቀድሜ የምናገረው ከእሱ በኋላ የመጣው ከአለማወቅ የባሰ ስለሆነ ነው።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ። እኔን መምህርነቴ አስቀርቶኝ ሞጣ አንደኛ ደረጃ አስተምር ነበር። ቤት የተጋራሁት ከድሬዳዋ ተመድቦ ከመጣ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ጋር ነው። ሙስሊም ነው፤ ሥጋ ሲሆን ለየብቻችን፣ ሽሮ ሲሆን አብረን እንበላለን። ከእኔ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። በጣም ንጹሕ ሰው ነበር። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ከተማ ጧት ጧት ሳይታጠብ አይወጣም። በመስኮቱ ደፍ ላይ ጠርሙሶቹን ደርድሯል፤ አክስቱ በመንገደኛ የምትልክለት ናቸው። አንዳንዱ ይረጫል፣ አንዳንዱ ይፈስሳል፣ አንዱ ደግሞ እንደ ሻማ ጠጣር ነው። ለእኔ ልዩነታቸው የጠርሙሱ ቅርጽ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሁለቴ ሊያስረዳኝ ሞክሯል። «ይሄ ለብብት ነው» ሲለኝ፣ «ብብት ደግሞ ማን ያየዋል» ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀና ተወው። አሁን ሳስበው ስለ እኔ ብብት ሊነግረኝ ፈልጎ ነው። የነበረኝ ኮት አንድ ነው፤ ክረምት ከበጋ እሱኑ ነው የምለብሰው።

በዚያው ዓመት አንዲት የቢቸና ልጅ ላገባ ሽማግሌ ላክሁ። እርሻ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ናት። አባቷ ስለሞተ ያሳደጓት አጎቷ፣ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ሽማግሌዎቹን በደንብ ተቀብለው ሲያበቁ፣ «መልካም፤ ግን ልጁን በዓይኔ ልየው» አሉ። ቀን ተቆረጠ። ይህን ለቤት ጓደኛዬ ስነግረው ተነሥቶ ከሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች ጠርሙስ አወጣ። ጣት አታህልም። ውስጧ ያለው ነገር የማር ቀለም አለው፤ ሲያዘነብላት ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

«ይህችን ውሰድ፤ ለትልቅ ቀን ናት» አለኝ። «ግን ስማኝ፣ ይሄ እንደ ሌላው አይደለም። ዘይት ነው። ስትቀባው...»

«አውቃለሁ» አልሁት።

«ታውቃለህ?»

«ሽቶ የማላውቅ መሰለህ እንዴ?»

አየት አደረገኝ። እኔ የሊቅ አገር ልጅ ነኝ፤ ከቆላ መጥቶ ሽቶ አቀባብ የሚያስተምረኝ ሰው እንዲኖር አልፈለግሁም። እሱም ጨቅጫቃ አልነበረም። ጠርሙሷን በእጄ አኖረልኝና ተረኛ ስለነበረ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ።

በማግስቱ ጧት ተላጨሁ። ከዚያ ጠርሙሷን ከፍቼ ልክ እንደ ፀጉር አስተካካዩ በመዳፌ ላይ ገለበጥሁት። አላቃጠለኝም። ቀዝቀዝ ያለ፣ የሚያዳልጥ ነገር ነው። አንገቴን፣ ጉንጬን፣ ደረቴን ቀባሁ። የማይሸት መሰለኝና የቀረችውን በኮቴ ኮሌታና በእጅጌዬ ላይ ጠረግሁ። ጠርሙሷ ባዶ ሆነች። ብርድ ነበር፤ የሞጣ ጧት ነው። እንዲያውም ደካማ ሽቶ ሰጠኝ ብዬ በልቤ ታዘብሁት።

ወደ ቢቸና በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል አንዲት ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ተቀምጣለች። እኔ አጠገቧ ሆንሁ፤ ከእኔ ቀጥሎ አንድ ባላገር ጋቢያቸውን ተከናንበው ገና ሳንነሣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ወንበሩ ጠባብ ነው፤ ትከሻችን ይነካካል። ሴትዮዋ ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈትታ ዘገነችልኝ።

«መምህር ነዎት አይደል? ልጆቹን ለችግኝ ይዘው ሲወርዱ አይቼዎታለሁ።»

ነኝ አልኋት። ከመናኸሪያው በስተጀርባ ጠላ እንደምትሸጥ ነገረችኝ። ነገሩን ሳትደብቅ፣ ሳታፍርም ነው የተናገረችው። ታናሽ ወንድሟ ለቀን ሥራ ቢቸና ሄዶ እዚያው ለውትድርና ተይዟል። አዳራሽ ውስጥ ናቸው፤ ነገ ጧት ይጫናሉ ብለው ልከውባታል።

«እናት የለንም፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ሹራብ ይዤለታለሁ» ብላ እግሯ ሥር ያለውን ጥቅልል በእጇ ነካ አደረገች። «ዛሬ ከደረስሁ አያመልጠኝም።»

ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብል ደስ ባለኝ ነበር።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። መስኮት አይከፈትም፤ ነፋሱም አቧራውም ያስፈራል። ሰውም ሞቀ፣ እኔም ሞቅሁ፤ ያን ጊዜ ዘይቱ ከገላዬ መነሣት ጀመረ። መጀመሪያ እኔ ራሴ ከየት መጣ ብዬ ዞር ዞር አልሁ። ቀጥሎ ገባኝ። የከበደ፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚቀመጥ ሽታ ነው። ፊት ለፊት ያሉት በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ። አንዱ አስነጠሰው። አጠገቤ ያለችው ሴት ቆሎዋን አቋርጣ ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

ከሁለት ወንበር ፊት አንዲት አራስ ነበረች። ምጥ ጠንቶባት ሞጣ ጤና ጣቢያ ወልዳ፣ አሁን አማቷ ይዘዋት ወደ ደብረ ወርቅ ይመለሳሉ። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ቀጥሎ አራሷ አጎንብሳ አስመለሳት። በእኛ አገር ሽታ አራስን እንደሚመታ የማያውቅ የለም። አማቷ ተነሥተው ቆሙ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የፈሩ ናቸው።

«ስለ እመቤታችን፤ ይህን ሽቶ የተቀባ ሰው ማን ነው? ልጄን ሊገድልብኝ ነው።»

የአውቶቡሱ ረዳት እያሸተተ ወደ ኋላ መጣ። ሰውም በዓይኑ ይከተለዋል። እኛ ወንበር ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ባላገሩን አለፋቸው። ወደ እኔም ወደ ሴትዮዋም አየ።

«መምህር፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለኝ። ሊሆን አይችልም በሚል ድምፅ ነው የጠየቀኝ።

«እኔ አይደለሁም» አልሁ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ቀለለኝ። አስቤ የዋሸሁ አይመስለኝም፤ ግን የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ሁሉ ያለ እኔ ተከናወነ።

«እንግዲያማ ማን ሊሆን ነው!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «የመናኸሪያዋ ጠላ ሻጭ አይደለችም?»

«እኔ ሽቶ አልተቀባሁም» አለች ሴትዮዋ። ወደ እኔ ዞረች። «መምህር?»

እጄን ከኮቴ ሥር አስገባሁ።

«እጃቸውን አሽትቱት» አለች። «እጃቸውን ብቻ አሽትቱት።»

የመምህር እጅ የሚያሸት ሰው አልተገኘም። ይልቅ አማቲቱ መጥተው የሴትዮዋን ነጠላ ጫፍ አነሡና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከእጅጌዬ ጋር ሲታከክ የቆየ ነጠላ ነው፤ ዘይቱን ጠጥቶታል። ፊታቸውን አዞሩ።

«ይኸው» አሉ። «ልጄ፣ ስለ ወላድ ብለሽ ውረጂልን።»

ጉንደወይን ስንደርስ አወረዷት። ማንም አልገፋትም፤ ረዳቱ ጥቅልሏን አቀበላት። በማግስቱ ሌላ መኪና እንደሚኖር ነገራት። እሷ ግን ነገ ጧት ነው የሚጫኑት እያለች ነበር፤ ለእሱም፣ ለሹፌሩም፣ ደጅ ላይ ለቆሙትም። በእኔ በኩል ስታልፍ ቀና ብዬ አላየኋትም። ባላገሩ ነቅተው ኖሮ፣ «ምን ሆና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «እንጃ» አልኋቸው።

አውቶቡሱ ሲነሣ ሽታው አልጠፋም። እንዴት ይጠፋል? አማቲቱ ዞረው ባዶውን ቦታ አዩና፣ «የተቀመጠችበት ላይ ቀርቶ ነው» አሉ። ሰውም አመነ። መስኮት ተከፈተ። አራሷን ወደ ሹፌሩ አጠገብ አዛወሯት። ይህ ከመጀመሪያውም ሊደረግ ይችል ነበር። ባላገሩ ግን ከዚያ በኋላ አልተኙም። ደብረ ወርቅ እስክንደርስ ድረስ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው አንዳንዴ ወደ እኔ ያዩ ነበር። ያወቁ ይመስለኛል።

ቢቸና ወርጄ ወንዝ ሄድሁና ፊቴንና አንገቴን በአሸዋ ሁሉ አሸሁ። ዘይት በውኃ አይለቅም፤ ይህንንም አላውቅም ነበር። እንደዚያው ሆኜ መሪጌታ ቤት ገባሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ልጅቷ ጓዳ ናት። መሪጌታ ዓይናቸው ደክሟል፤ በሩን ሳልፍ ራሳቸውን ቀና አድርገው አየሩን ሳቡ። አቀመጡኝ፣ የአባቴን ጤና ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዘወር ብለው ረጋ ባለ ድምፅ፣

«መቼም ሰው ሽቶ ሲመጣ ከሩቁ ያስታውቃል» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጓዳ ያለችውም ስትስቅ ሰማኋት። ሰሙም ወርቁም ገብቶኛል፤ ፊቴ ጋለ። ግን ያን ቀን ያፈርሁት በዚህ አልነበረም፤ ማፈር ያለብኝን ትቼ በዚህ ባፍር ደስታዬ ነበር። ጋብቻው ሆነ። ባለቤቴ ታሪኩን እስከ ዛሬ የምታውቀው እስከ አጎቷ ቀልድ ድረስ ነው። ዘመድ ሲሰበሰብ ትናገረዋለች፤ «ጠርሙሱን ሙሉ ገልብጦት!» ብላ ስትስቅ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ያን ሌሊት እዚያው ቢቸና አደርሁ። በማግስቱ ጧት የጭነት መኪኖቹ አደባባዩ ላይ ቆመዋል። ልጆቹ ተጭነዋል፤ እናቶችና እህቶች ከሥር ሆነው ዳቦም ልብስም ያቀብላሉ። ዘመድ ያልመጣላቸው በሰው ራስ ላይ አሻግረው መንገዱን ያያሉ። የሴትዮዋን ወንድም በመልክ አላውቀውም። ግን፣ «ሞጣ እህት ያለችው ማን ነው? መንገድ ላይ ቀርታ ነው» ብዬ አንድ ጊዜ ብጣራ ይበቃ ነበር። እጮኛዬ አጠገቤ ቆማ፣ «የምትፈልገው ሰው አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኋት። መኪኖቹ ሄዱ።

ሞጣ ስመለስ የቤት ጓደኛዬ ገና ከበር ሳለሁ ቆም አለ።

«ጠርሙሷ የታለች?»

«አለቀች።»

«አለቀች?» አልጋው ላይ ቁጭ አለ። መጀመሪያ ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። ከዚያ ተነሥቶ ከመስኮቱ ጠርሙሶቹን እያነሣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ አስረዳኝ። «ኮሎኝ ብዙው አልኮል ነው። አልኮሉ ሲተን ሽታውንም ይዞት ይሄዳል፤ ለዚህ ነው በመዳፍ ሞልተህ ብትቀባው የማይጎዳህ። ይሄ የሚረጨው ጠንከር ይላል፤ ጧት ብትረጨው እስከ ምሳ ይቆያል። ይሄ ጠጣሩ ለብብት ነው፤ ላብህን እንዲይዝልህ እንጂ ሰው እንዲያሸትህ አይደለም። ዘይቱ ግን አልኮል የለውም። አይተንም። የገላህ ሙቀት ነው ቀስ እያለ የሚያወጣው። የክብሪት እንጨት ጫፍ ነክረህ እዚህ ጋ አንዴ» አለና የእጁን አንጓ ነካ። «በቃ። ቀኑን ሙሉ ካንተ ጋር ነው።»

«አስቀድመህ...» ብዬ ጀመርሁና አቋረጥሁት። አስቀድሞ ሊነግረኝ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

«መኪና ውስጥ ሰው አልተቆጣም?» አለ።

ነገርሁት። ሁሉንም ነገርሁት፤ ስለ ወንድሟም። በእጁ የያዛትን ጠርሙስ መስኮቱ ላይ መልሶ አኖረ።

«ሴትዮዋ ታውቃለች?»

«ከሁሉ በፊት ያወቀችው እሷ ናት።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ሂድና ለእሷ ተናገር» አለኝ።

ሦስት ሳምንት ሳልሄድ ቆየሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በመናኸሪያው በኩል ያለውን መንገድ ትቼ በጀርባ መዞር ጀመርሁ። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ጭቃው ነበር። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሄድሁ። ደጇ ላይ ጋን እያጠበች ነው። አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

«መምህር፣ ጠላው ገና አልደረሰም።»

«ለጠላ አይደለም የመጣሁት። ያን ጊዜ... እኔ ነበርሁ።»

«አውቃለሁ እኮ» አለች።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኋት። ይህን ስናገር በመንገዱ የሚያልፍ ሰው እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር፤ ይህንንም እሷ አስተዋለችው። ጋኑን ደፍታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እኔ በዕድሜዬ ሽቶ ተቀብቼ አላውቅም» አለች። «ያን ቀን ወንድሜ ጠላ ጠላ እንዳልሸተው ብዬ፣ ጓደኞቹ ፊት እንዳያፍርብኝ ብዬ፣ ሌሊት ተነሥቼ ገላዬን በሳሙና ታጥቤ ነው የወጣሁት። ነጠላዬን ሳይቀር አጥቤ።» በማግስቱ በእህል መኪና ቢቸና ደርሳለች። አደባባዩ ተጠርጎ ነበር።

ምን ላድርግልሽ አልኋት። ጥቂት አሰበች። ከወንድሟ ጋር የተያዘ የሌላ ልጅ እናት አድራሻቸውን አግኝታለች፤ ቁጥር ነው እንጂ ቦታው አይታወቅም። እሷ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች፤ ደብዳቤ ግን አይሆንላትም።

«መጻፍ ሥራዎ አይደል? ይጻፉልኝ።»

ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁ። ዱካ ላይ አስቀመጠችኝ፤ እሷ ቆማ ትናገራለች። ሰላምታውን፣ የጎረቤቱን ደኅንነት፣ የላሟን መውለድ ጻፍሁ። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ያን ዕለት ሳልመጣ የቀረሁት አሞኝ ነው። አልጋ ላይ ነበርሁ። አሁን ድኛለሁ።»

እስክሪብቶዬን አነሣሁ። «ይህን ልጻፈው?»

«ይጻፉ እንጂ። ሌላ ምን ይባላል? እህትህን ሽቶ ሸተትሽ ብለው ከመኪና አወረዷት ይባላል? ሠራዊት መሐል ጮኾ የሚነበብ ደብዳቤ ነው።»

ጻፍሁት። የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው፤ ተማሪ ቤት ሳለሁ ተመስግኜበታለሁ። ያችን አረፍተ ነገር ከሌሎቹ ይልቅ አሳምሬ እንደጻፍኋት አስታውሳለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

መልሱ የመጣው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ደብዳቤውን ይዛ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ መጣች። አጥሩ ሥር ቆመን ከፍቼ አነበብሁላት። ሌላ ወታደር ነው የጻፈለት፤ ፊደሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ጤናውን ከተናገረ በኋላ እንዲህ ይላል፦ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ። ያን ቀን መኪናው እስኪነሣ መንገዱን ሳይ ነበር። ስትቀሪ ጊዜ ተቀይሜሽ፣ ስምሽንም ላልጠራ ለጓደኞቼ ተናግሬ ነበር። አንቺ ታመሽ ተኝተሽ እኔ እንዲያ ማለቴ አሁን በጣም አሳፍሮኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እዚያ ላይ ቆምሁ። እሷ መሬቱን እያየች ታዳምጣለች።

«እስቲ የመጨረሻዋን ይድገሙልኝ» አለች።

ደገምሁላት።